ጥያቄና መልስ፦ ብዙ የተነካካ አሮጌ ጊታር ወደ ቀድሞው ይመለስ?

ጥያቄ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሲሆን፣ በሠርግ እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ ማታ በሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች ሊድ ጊታር በመጫወት እተዳደራለሁ። በቅርቡ ያረፉት አጎቴ በወጣትነታቸው አስመራ ሳሉ ከቃኘው ጣቢያ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተዘጋጀ አሜሪካዊ ወታደር የገዙትን ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር አውርሰውኛል።

ጊታሩ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አይደለም። አጎቴ በተጫወቱባቸው ዓመታት ሁሉ ሲያሻሽሉት ኖረዋል። የመጀመሪያው ቀለም ተፍቆ በጋራዥ ጥቁር ቀለም ተረጭቷል፤ ክሮቹ በገላው ላይ በሚያርፉበት በብሪጁ በኩል የነበረው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚያነሣው ዕቃ) ወጥቶ ቦታው በመሮ ከተሰፋ በኋላ ሃምበከር የሚባል ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ገብቶበታል፤ ፒክጋርድ በሚባለው የፊት ፕላስቲክ ላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ተጨምራለች፤ መቃኛዎቹ በትልልቅ ተተክተው ቀዳዳዎቻቸው ሰፍተዋል፤ ተንቀሳቃሹ ብሪጅ ከጀርባው በእንጨት ሽብልቅ ተቆልፏል፤ የፒክአፕ መምረጫውም ባለ አምስት ቦታ ነው። ከወጡት ዕቃዎች ያገኘሁት አንድ ፒክአፕ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በጨርቅ ተጠቅልሎ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንገቱ ከገላው ጋር የተያያዘው በሦስት ብሎን ነው። ፒክጋርዱን ስከፍተው ከአንዱ የድምፅ መቆጣጠሪያ ጀርባ 1377318 የሚል ቁጥር አየሁ።

አዲስ አበባ ያለ የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ ወደ ኦሪጅናሉ ብመልሰው ብዙ ገንዘብ እንደሚያወጣ ነግሮኛል፤ ጊታር ያስተማሩኝ ሰው ደግሞ ፈጽሞ እንዳልነካው ይመክሩኛል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ ዕቃ ሊልኩልኝ ይችላሉ። ጊታሩን ለጊዜው የመሸጥ ሐሳብ የለኝም፤ ይሁን እንጂ አንገቱ በክረምት ስለሚጎብጥና በአንዳንድ ሆቴሎችም ክፉኛ ስለሚያጉረመርም እንዳለ ልተወው አልቻልኩም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

ጊታሩን ወደ ፋብሪካ መልኩ እንዲመልሱት አልመክርዎትም፤ ማሳደስ ግን ይኖርብዎታል። ነጋዴው የነገረዎት ስለ ዋጋ ነው፤ መምህርዎ የነገሩዎት ስለ ጥንቃቄ ነው፤ እርስዎ የሚያስፈልግዎት ደግሞ ቅዳሜ ማታ ያለ ሥጋት የሚጫወቱበት መሣሪያ ነው። እነዚህን ሦስቱን ለይተን ብናያቸው መልሱ አስቸጋሪ አይሆንም።

በቅድሚያ የያዙት ምን እንደሆነ እንመልከት፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስትራቶካስተር ለገበያ የቀረበው በ1954 ነው። በ1965 መጀመሪያ የፌንደር ኩባንያ ሲቢኤስ ለተባለው የአሜሪካ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ከዚያ በኋላ የጊታሩ ራስ ሰፋ፣ ከ1971 መጨረሻ ገደማ ጀምሮም አንገቱን የሚይዙት አራት ብሎኖች ወደ ሦስት ዝቅ አሉ። በዚያው ጊዜ አንገቱን የሚያቀናው የብረት ዘንግ ማስተካከያ ጥይት በሚመስል ቅርጽ በራሱ በኩል ብቅ አለ። ያነበቡት ቁጥር ደግሞ እንዲህ ይፈታል፦ 137 ሲቲኤስ የተባለው አምራች መለያ ነው፤ 73 ዓመቱን፣ 18 ደግሞ ሳምንቱን ይናገራል። መቆጣጠሪያው የተሠራው በ1973 በ18ኛው ሳምንት፣ ማለትም በእኛ በ1965 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ነው። ይህ የመቆጣጠሪያው ዕድሜ እንጂ የጊታሩ የልደት ወረቀት አይደለም፤ ሆኖም ብየዳው ያልተነካ ከሆነ ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት ሊሠራ አይችልም። በቆርቆሮ ውስጥ ያገኙትን ፒክአፕም ይመልከቱት፦ ስድስቱ ማግኔቶች ቁመታቸው የተበላለጠ ከሆነ ከዘመኑ ጋር ይስማማል፤ ከ1974 መጨረሻ ገደማ በኋላ የተሠሩት እኩል ተስተካክለው የተቆረጡ ናቸውና። ይህ ሁሉ ሲደመር አጎትዎ ከአስመራ አመጣሁት ያሉት ታሪክ ከዕቃው ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም፤ የቃኘው ጣቢያ የተዘጋው በ1977 ነው።

እንግዲህ ወደ ዋጋው። በአሮጌ ጊታር ገበያ ከፍተኛውን ዋጋ የሚያወጡት ከሲቢኤስ በፊት፣ ማለትም ከ1954 እስከ 1964 የተሠሩት ናቸው። ባለ ሦስት ብሎኖቹ የ1970ዎቹ ጊታሮች ተፈላጊ ቢሆኑም ከእነዚያ ጋር አይወዳደሩም። ሌላው ነገር ሁሉ ኦሪጅናል ሆኖ ቀለሙ ብቻ የተቀየረ ጊታር በግማሽ ገደማ እንደሚወርድ በሻጮች ዘንድ የተለመደ ግምት ነው። የእርስዎ ደግሞ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን እንጨቱም ተቆርጧል። ነጋዴው ያላስረዳዎት ነገር ይህ ቅናሽ አንዴ ከደረሰ በኋላ በጥገና የማይመለስ መሆኑን ነው። ጊታሩ በባለሙያ እጅ ድጋሚ ቢቀባ «ድጋሚ የተቀባ»፣ ከሌላ ጊታር በተነቀሉ የዘመኑ ዕቃዎች ቢሟላ ደግሞ «ተገጣጥሞ የተሟላ» ይባላል እንጂ «ያልተነካ» ተብሎ በሐቀኝነት ሊሸጥ አይችልም፤ ይህን ለገዢ መደበቅም ማጭበርበር ነው። በዚያ ላይ የዘመኑ ኦሪጅናል ፒክአፖች፣ መቃኛዎችና ፒክጋርድ ለየብቻቸው እንደ ቅርስ ስለሚሸጡ፣ በውጭ ምንዛሪ ገዝተው፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ከፍለው ሲያበቁ ያወጡት ገንዘብ ጊታሩ ከሚጨምረው ዋጋ በላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በገንዘብ በኩል ያለው ክርክር እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ አምናለሁ።

ዋጋውን ወደ ጎን ካደረግነው የሚቀረው የመሣሪያው ጉዳይ ነው፤ እኔ እዚህ የምከተለው መለያ «ኦሪጅናል ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን አይደለም። እንጨት ያስቆረጠ ለውጥና እንጨት ያላስቆረጠ ለውጥ ለየብቻ መታየት አለባቸው። በብሎንና በብየዳ የገባ ነገር በፈለጉ ጊዜ ይወጣል፤ ስለዚህ የሚያስቸኩል ውሳኔ የለበትም። በመሮ የወጣ እንጨት ግን ሌላ እንጨት ቢሞላበትም ያው ቁስሉ የሚታይ ነው፤ መሙላቱ የሚጠቅመው ጊታሩን የሚያዳክም ወይም አንድ ዕቃ እንዳይቆም የሚያደርግ ጉድጓድ ሲሆን ብቻ ነው።

በዚህ መለያ ስናየው ትንሿ ማብሪያ ማጥፊያ ያረፈችው በፕላስቲኩ ላይ ስለሆነ የምታሳስብ አይደለችም። የእንጨት ሽብልቁም በእጅ ይወጣል፤ ነገር ግን ብሪጁ የተቆለፈው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ ተንቀሳቃሽ ብሪጅ አንድ ክር መድረክ ላይ ሲበጠስ የቀሩትን አምስቱንም ከቅኝት ያወጣቸዋል፣ በሠርግ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። የባለ አምስት ቦታ መምረጫው ጉዳይ የበለጠ አስደሳች ነው። የ1973 ስትራቶካስተር ከፋብሪካ የወጣው በባለ ሦስት ቦታ መምረጫ ሲሆን፣ ፌንደር ባለ አምስቱን መግጠም የጀመረው በ1977 ነው። ከዚያ በፊት ተጫዋቾች ሁለት ፒክአፖችን አንድ ላይ ለማሰማት መምረጫውን በሁለቱ ቦታዎች መካከል በጥንቃቄ ያቆሙት ነበር። ኩባንያው ራሱ ዘግይቶ የተቀበለውን ማሻሻያ ለኦሪጅናልነት ሲባል ነቅሎ ማውጣት ትርጉም አይሰጠኝም፤ በተለይ በክራር አመታት ትዝታና አምባሰል የሚጫወት ሰው ያንን ቀጭንና ጥርት ያለ የመካከል ድምፅ ሳይወደው አይቀርም።

መቃኛዎቹ ከእንጨት ጋር የተያያዙ ቢሆኑም መፍትሔያቸው ቀላል ነው። የሰፋው ቀዳዳ መሞላት አያስፈልገውም፤ ከትልቁ ቀዳዳ ጋር የሚገጥሙና የድሮውን ዓይነት መቃኛ የሚቀበሉ የብረት ቀለበቶች ተሠርተው ይሸጣሉ። አሁን ያሉት መቃኛዎች ቅኝት ከያዙ ግን ይተዋቸው።

ስለ ቀለሙ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ አስተያየት አለኝ። የጋራዥ ቀለም በጊታር ላይ መረጨቱ ለጆሮ አሳፋሪ ይመስላል፤ ሆኖም ፌንደር ራሱ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በልዩ ትእዛዝ ያቀርባቸው የነበሩት ቀለሞች ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ለመኪና የሚያመርታቸው ቀለሞች ነበሩ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካው ወፍራም የፖሊስተር ሽፋን ይጠቀም ስለነበር፣ አጎትዎ ያስፋቁት ቀለም ሰብሳቢዎች የሚሳሱለት ስሱ የናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ አልነበረም። ጥቁሩን አስፍቀው ሌላ ቢያስቀቡ እንጨቱ ለሁለተኛ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ የጠርዞቹ ቅርጽም ይሟሽሻል፤ አንገቱ የሚገባበት ጎድጓዳም በጥቂቱ ቢሰፋ ዕዳው ለእርስዎ ነው። ቀለሙ ካልተላጠ በቀር እንዳለ ይቆይ።

ከሁሉም የሚያከራክረው ሃምበከሩ ነው። ይህን ለውጥ በመሮ የሠራውን ሰው ብዙዎች «አበላሸው» ይሉታል፤ ለምን እንደተሠራ ካላወቅን ግን ፍርዱ የተጣደፈ ይሆናል። የስትራቶካስተር ኦሪጅናል ፒክአፕ ነጠላ የሽቦ ጥቅል ነው። የክሩን ንዝረት እንደሚያነሣ ሁሉ በዙሪያው ያለውን የኤሌክትሪክ መስክም ያነሣል፤ በአገራችን መስመሩ 50 ኸርዝ ስለሆነ ያ ወፍራም ጉርምርምታ በአምፕሊፋየሩ ይወጣል። ሃምበከር፣ ማለትም የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር በ1955 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ፒክአፕ፣ ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አያይዞ ይህን ጉርምርምታ እርስ በርሱ እንዲሻር ያደርጋል፣ ድምፁም ይወፍራል። በ1970ዎቹ ዲማርዚዮን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ተተኪ ፒክአፖችን ለብቻቸው መሸጥ ሲጀምሩ፣ በመላው ዓለም የስትራቶካስተር ባለቤቶች መሮ አነሡ። ከነሐስ መሣሪያዎችና ከኦርጋን ጋር በአንድ መድረክ ላይ መሰማት ለነበረበት የዚያ ዘመን የባንድ ጊታሪስት ይህ ቅንጦት አልነበረም። የአጎትዎ ጉድጓድ የሥራ ውሳኔ ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

ደግሞም ጉድጓዱ ያረፈው በፒክጋርዱ ሥር ነው። የ1973 ስትራቶካስተር ገላ ለሦስቱ ፒክአፖች ሦስት የተለያዩ ጎድጓዶች ስላሉት፣ የአንዱ መስፋት የገላውን ጥንካሬ በሚያሰጋ መጠን አይቀንስም፤ ከፊትም አይታይም። እርስዎ በጄኔሬተር፣ በሸምበቆ መብራትና በመድረክ መብራት መቆጣጠሪያዎች መካከል የሚጫወቱ ሰው ስለሆኑ ሃምበከሩ እስካሁንም ሥራ እየሠራልዎት ነው። እንዲያውም ጉርምርምታው የሚበረታው በመሐሉና በአንገቱ በኩል ባሉት ነጠላ ፒክአፖች ሲጫወቱ ይመስለኛል፤ ይህን በመምረጫው ያረጋግጡ።

በቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ፒክአፕ ግን ዝም ብለው አይተዉት። በቴስተር ይለኩት፤ ከ5 እስከ 6.5 ኪሎ ኦም ካነበበ ጤነኛ ነው፤ ምንም ካላነበበ የውስጡ ሽቦ ተበጥሷል፣ እሱም ዳግም ሊጠመጠም ይችላል። የማይመለሰው እንጨት እንጂ ፒክአፑ አይደለም፤ አንድ ቀን ሦስቱንም ነጠላ ፒክአፖች መስማት ቢፈልጉ፣ ባለ ሦስት ነጠላ ቀዳዳ ፒክጋርድ አሠርተው ያለ አንዳች የእንጨት ሥራ ይገጥሙታል። ያን ጊዜ መቆጣጠሪያዎቹንም ማየት ይገባል፤ ለነጠላ ፒክአፕ የተለመደው 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምበከር 500 ኪሎ ኦም ነው፣ ትልቁ ድምፁን ሲያበራው ትንሹ ያለዝበዋል።

አሁን ገንዘብዎን ሊያወጡበት ወደሚገባው እንሂድ። አንገቱ በክረምት መጉበጡ ከባሕር ዳር አየር የሚጠበቅ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋው ደረቅ ወራት መልሶ ይተፋዋል። ዘንጉን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያ ጥይት መሰል ማስተካከያ የሚዞረው በአንድ ስምንተኛ ኢንች ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ሲሆን፣ ይህም 3.175 ሚሊሜትር ነው። በየሱቁ የምናገኘው ባለ 3 ሚሊሜትር ቁልፍ የሚገባ ይመስልና ሲጠበቅ አንሸራቶ የውስጡን ማዕዘን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥገና ከባድ ነው። ዘመዶችዎ አንድ ነገር ብቻ እንላክልህ ካሉ ይህን ቁልፍ ይጠይቋቸው። ማስተካከያውን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አያዙሩት፤ አዙረው ክሮቹ እንደተወጠሩ ያሳድሩትና በማግሥቱ ይዩት።

ሦስቱ ብሎኖች ሌላ ጠባይ አላቸው። በዚያ ዘመን የተሠሩ አንዳንድ ጊታሮች አንገት በጎድጓዳው ውስጥ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ አንደኛው ወይም ስድስተኛው ክር ወደ ጠርዙ የተጠጋ ከመሰለዎት ክሮቹን አላልተው፣ አንገቱን በእጅ አቅንተው ብሎኖቹን ያጥብቁ። አራተኛ ብሎን እንብሳ የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይፍቀዱለት፤ ስንነጋገርበት የቆየነው የማይመለስ ጉዳት ያ ነው። ያረጁ ፍሬቶችን፣ ማለትም በአንገቱ ላይ የተተከሉትን የብረት መስመሮች፣ ማስተካከል ወይም መቀየር ግን እንደ ጎማ መቀየር የሚታይ ጥገና ነውና አይሥጉ።

ለጉርምርምታው በቅድሚያ ብየዳዎቹ ይፈተሹ። በከተማችን የድሮ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ እጀ ቀጭን ባለሙያዎች አሉ፤ የስትራቶካስተር ሽቦ ለእነሱ የሚከብድ አይደለም። ብሪጁ ከመሬት ሽቦው ጋር መያያዙን እንዲያረጋግጡ፣ ጎድጓዶቹም በመዳብ ወረቀት መሸፈን እንደሚችሉ ይንገሯቸው። በዚህ አጋጣሚ ከጊታሩ ይልቅ ስለ እርስዎ የሚያሳስበኝን ልናገር፦ ክሮቹ ከአምፕሊፋየሩ መሬት ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ የሆቴሉ ሶኬት የመሬት መስመር ከሌለው በእርጥብ ሣር ላይ ቆመው ከንፈርዎ ማይክሮፎን ሲነካ ኤሌክትሪክ ሊይዝዎት ይችላል። ከመጫወትዎ በፊት ሶኬቱ ይፈተሽ።

ጊታሩ የ1950ዎቹ ወይም የ1960ዎቹ መጀመሪያ ቢሆን፣ ዕቃዎቹም በሙሉ በእጅዎ ቢኖሩ ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ለመጫወት የሚያስቸግር ለውጥ ቢኖርበትም እንዲሁ። እርስዎ ከዘረዘሯቸው መካከል ግን መጫወትን የሚከለክል አንድም አላየሁም።

ጥያቄ

የባሕር ዳር ነዋሪ ስሆን ምንም ያልተነካ የ1979 ስትራቶካስተር አለኝ። ጉርምርምታው ስላስቸገረኝ ጓደኛዬ ገላውን ቆርጠን ሃምበከር እናስገባበት ይለኛል። ላስቆርጠው?

መልስ

አያስቆርጡት። የቀደመው ጠያቂ አጎት መሮ ባነሡበት ዘመን ሌላው አማራጭ እንደ ዛሬው አልተስፋፋም ነበር፤ ዛሬ ግን በነጠላ ፒክአፕ መጠን የተሠሩ፣ በአንዱ ቦታ ልክ የሚገቡ ሃምበከሮች ይሸጣሉ፤ በውስጣቸው ሁለቱ ጥቅሎች ጎን ለጎን ቀጥነው ወይም አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ተቀምጠዋል። የሚያስፈልገው የሁለት ብሎኖችና የጥቂት ብየዳ ሥራ ብቻ ነው። ድምፃቸው ከኦሪጅናሉ እንደሚለይ ይወቁ፤ ስለዚህ በብሪጁ በኩል ባለው ይጀምሩና በመድረክ ሰምተው ከወደዱት ስለ ሌሎቹ ያስቡ። ለሚሠራልዎት ሰው የድሮውን ፒክአፕ ሽቦ ከመሐል እንዳይቆርጠው፣ ብየዳውን አቅልጦ እንዲያላቅቀው አስቀድመው ይንገሩት፤ ሽቦው ካጠረ መልሶ መግጠም አስቸጋሪ ነው።